«ምርመራ» ወይስ «ምርምር»? የቃላት ምርጫ በክሊኒካዊ ሙከራ የፈቃድ ቅጽ ላይ፤ ከሰሜን ሸዋ አንጻር

አጠቃሎ

በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ሙከራ ሥነ ምግባራዊ መሠረቱ ተሳታፊው አውቆና ወዶ መግባቱ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የፈቃድ ቅጽ በአማርኛ ሲዘጋጅ በተለምዶ የሚመረጡ አምስት ቃላት ማለትም «ምርምር»፣ «መድኃኒት»፣ «ዕጣ»፣ «ማስመሰያ» እና «ፊርማ» ተሳታፊው ሙከራን እንደ መደበኛ ሕክምና እንዲቆጥር እንዴት እንደሚገፋፉት ያሳያል። ለማነጻጸሪያነት በአዲስ አበባ፣ በምሥራቅ ጎጃምና በጎንደር የተካሄዱና ውጤታቸው የታተመ ሦስት ሙከራዎች ተወስደዋል። የጽሑፉ መከራከሪያ አንድ ነው፤ ታካሚው ሙከራውን በተሳሳተ መንገድ የሚረዳው ባለመማሩ ሳይሆን ቅጹ ቃላቱን በትክክል ከሚያውቅበት የዕለት ትርጉማቸው ሳይለይ ስለሚያቀርብለት ነው። በመጨረሻም በሰሜን ሸዋ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች የሚያገለግል የቅጽ አንቀጽ ናሙናና የመረዳት ማረጋገጫ ጥያቄዎች ቀርበዋል።

ቁልፍ ቃላት፦ ክሊኒካዊ ሙከራ፣ በመረጃ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ፣ የምርምር ሥነ ምግባር፣ አማርኛ፣ ሰሜን ሸዋ

1. መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ስሠራ ከአንኮበር በኩል ለመጡ አንዲት እናት የፈቃድ ቅጽ አነበብሁላቸው። ቅጹ ሦስት ገጽ ነበር። የጥናቱን ዓላማ፣ የሚወሰደውን የደም መጠን፣ መሳተፍ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ መሆኑንና በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ እንደሚቻል አንድ በአንድ ዘረዘርሁ። በጥሞና አዳመጡኝ። ስጨርስ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ክንዳቸውን ዘረጉልኝና «እሺ ልጄ፣ የምርመራው ውጤት መቼ ይደርስልኛል?» አሉኝ። ጥናቱ ግን ለእርሳቸው የሚመልሰው ውጤት አልነበረውም። ቅጹ ላይ «ተሳታፊዋ መረጃውን ተረድተዋል» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ፊት ለፊት ያለውን ሣጥን የሞላሁት እኔ ነበርሁ።

እኒህ እናት አልሰሙም ማለት አይቻልም፤ እያንዳንዱን ቃል ሰምተዋል። የሰሙት ግን «የደም ምርመራ» ነው፤ እኔ ያነበብሁት ደግሞ «በደም ናሙና ላይ የሚደረግ ምርምር» ነበር። በእነዚህ ሁለት ሐረጎች መካከል ያለው ልዩነት ለተመራማሪው ሰፊ ቢሆንም፣ በጆሮ ሲሰማ ግን «ምርምር»ን ከ«ምርመራ» የሚለየው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያች ሣጥን ነው።

2. ዓላማና ዘዴ

የጽሑፉ ዓላማ በፈቃድ ቅጾች ላይ የሚዘወተሩ ቃላትን የዕለት ተዕለት ትርጉም ከምርምር ትርጉማቸው ጋር ማነጻጸር፣ ልዩነቱ የሚያስከትለውን የመረዳት ስሕተት መለየትና ተግባራዊ አማራጭ ማቅረብ ነው። ጽሑፉ አዲስ መረጃ የተሰበሰበበት ጥናት ሳይሆን በታተሙ ሙከራዎችና በቃላቱ አጠቃቀም ላይ የተመሠረተ ትንተና ነው። ሙከራዎቹ የተመረጡት በሦስት መመዘኛዎች ነው፤ በኢትዮጵያ የተካሄዱ፣ ተሳታፊዎቻቸው በዕጣ የተመደቡና ዕጣው ለተሳታፊው የተለያየ ትርጉም የነበረው እንዲሆኑ ተደርጓል።

3. ሕክምናና ሙከራ የሚለያዩበት ነጥብ

ሐኪም ሲያክም የሚጠይቀው «ለዚህ ታካሚ የሚበጀው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ተመራማሪ ሲሞክር ደግሞ «ከሁለቱ ሕክምናዎች የትኛው እንደሚሻል እንዴት እናውቃለን?» ይላል። ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ነጭ ካፖርት በለበሰ ሰው አፍ ሊነገሩ ይችላሉ፤ መልሳቸው ግን የተለያየ ሰውን ያገለግላል። የመጀመሪያው ታካሚውን፣ ሁለተኛው ወደፊት የሚመጡትን ታካሚዎች።

እ.ኤ.አ. በ1948 ውጤቱ የታተመው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የስትሬፕቶማይሲን ሙከራ በዘመናዊው የሕክምና ምርምር ታሪክ እንደ መነሻ የሚጠቀሰው ይህን ሁለተኛ ጥያቄ በዕጣ ለመመለስ ስለሞከረ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን አዲሱን መድኃኒት ያገኙ ወይም ያላገኙት ሐኪሙ መርጧቸው ሳይሆን አስቀድሞ በተዘጋጀ የዕጣ ቅደም ተከተል ነበር። ይህ አሠራር ሐኪሙ ሳያውቀው የሚሻላቸውን ሕሙማን ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል ይከላከላል። ሙከራው ከመደበኛው ሕክምና በግልጽ የሚለይበት ነጥብም ይኸው ነው፤ ሐኪሙ ለዚህ ሰው የሚመርጠውን ትቶ ዕጣ የሰጠውን ይፈጽማል።

እ.ኤ.አ. በ1982 ፖል አፕልባምና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ጥናቶች ላይ የተሳተፉ ሰዎች ይህን ልዩነት እንደማያስተውሉ ጽፈው ነበር። ተሳታፊዎቹ ዕጣ እንዳለ ተነግሯቸው እንኳ «ሐኪሜ የሚበጀኝን መርጦልኛል» ብለው ያምኑ ነበር። ሙከራን እንደ ሕክምና የመቁጠር ስሕተት እየተባለ የሚጠራው ይህ ነው። ስለዚህ ስሕተቱ የእኛ ገጠር ወይም የእኛ ድህነት የወለደው አይደለም። በአማርኛ የሚታየው የተለየ ነገር ግን ቋንቋው ራሱ ለስሕተቱ በር የሚከፍትባቸው ቦታዎች መኖራቸው ነው።

4. ሦስት ሙከራዎች፣ ሦስት ዓይነት ዕጣ

4.1 አዲስ አበባ፦ የአገርሺ ትኩሳት ሙከራ

በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው አገርሺ ትኩሳት፣ ሰዎች በብርድና በችግር ተጨናንቀው በሚኖሩበትና ልብስ መቀየር በማይቻልበት ቦታ የሚስፋፋ የደጋ በሽታ ነው። በፔኒሲሊን ይድናል፤ ሆኖም መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ሰዓታት ውስጥ ተህዋስያኑ ሲሞቱ ሰውነት ኃይለኛ መልስ ይሰጣል። ታካሚው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ያሻቅባል፣ ቀጥሎም የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። የሚያድነው መርፌ ለጥቂት ሰዓታት ሕመምን ያብሳል ማለት ነው።

ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው ሙከራ ይህን መልስ አስቀድሞ መከላከል ይቻል እንደሆነ ፈተሸ። በሽታቸው በምርመራ የተረጋገጠ 49 ሕሙማን በዕጣ ተመደቡ። 20ዎቹ ከፔኒሲሊን በፊት ከበግ ደም የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል በደም ሥር ተሰጣቸው፤ 29ኙ ማነጻጸሪያውን ወሰዱ። ፔኒሲሊኑን ሁሉም አግኝተዋል። ከ20ዎቹ በ10ሩ፣ ከ29ኙ ግን በ26ቱ ላይ እንቅጥቅጡ ታየ። ውጤቱ ግልጽ ነበር። በዚያው ዓመት ፔንቶክሲፊሊን የተባለ ሌላ መድኃኒት ለተመሳሳይ ዓላማ ተሞክሮ እንዳልሠራ መታተሙም ሊታወስ ይገባል፤ ሁለቱም ከመሞከራቸው በፊት ተስፋ የተጣለባቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ ዕጣው አንድ ጊዜ ወጥቶ የሚያበቃ ነው። እንቅጥቅጡ በሰዓታት ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነ ማነጻጸሪያው የደረሰው ሰው «ተራዬ ይመጣል» ሊል አይችልም።

4.2 ምሥራቅ ጎጃም፦ የዝሆኔ እንክብካቤ ሙከራ

ባዶ እግርን ለቀይ አፈር ከማጋለጥ ጋር የተያያዘው የእግር ዝሆኔ፣ ማለትም ፖዶኮኒዮሲስ፣ በየጊዜው በሚነሣ የእብጠት፣ የቃጠሎና የትኩሳት ቅስቀሳ ገበሬውን ከእርሻው ያውለዋል። በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሙከራ የፈተሸው ቀላል እንክብካቤ ነበር፤ እግርን መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ከ696 ተሳታፊዎች 350ዎቹ እንክብካቤውን ወዲያውኑ፣ 346ቱ ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲያገኙ በዕጣ ተመደቡ። በዓመቱ ውስጥ ወዲያውኑ በጀመሩት ላይ ቅስቀሳው በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ በጠበቁት ላይ 23.9 ጊዜ ተከሠተ። ልዩነቱ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ነው።

እዚህ ዕጣው የወሰነው ማን ያገኛል የሚለውን ሳይሆን ማን ይቀድማል የሚለውን ነው። ይህ ለማንኛውም ዕቁብተኛ ማብራሪያ የማያስፈልገው አሠራር ነው።

4.3 ጎንደር፦ የካላዛርና የኤች አይ ቪ ሙከራ

በሰሜን ምዕራብ ቆላ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ለካላዛር ይጋለጣሉ። ኤች አይ ቪ አብሮ ሲኖር በሽታው ለማዳን አዳጋች ይሆናል። በጎንደርና በአብደራፊ 58 ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ሙከራ፣ አምቢዞም ብቻውን ከሚሰጥና ከሚልቴፎሲን ጋር ተጣምሮ ከሚሰጥ የትኛው እንደሚሻል ጠየቀ። ሕክምናው እንዲራዘም በተደረገበት የ58ኛው ቀን ግምገማ ጥምረቱ 88 በመቶ፣ ነጠላው 55 በመቶ ውጤት አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ጥምረቱን የመከረው ከሕንድ የተገኘ ሙከራን ከዚህ ጋር መዝኖ ነው። ስድሳ የማይሞሉ ሰዎች በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ሆነው የሰጡት ፈቃድ የዓለምን የሕክምና መመሪያ ለመለወጥ አስተዋጽኦ አድርጓል።

እዚህ ሁለቱም ወገኖች መድኃኒት አግኝተዋል። ዕጣው የለየው መድኃኒትን ከባዶ ሳይሆን አንድን የሕክምና መንገድ ከሌላው ነው።

5. አምስት ቃላት

5.1 «ምርምር»

«ምርምር» እና «ምርመራ» ከአንድ ግስ፣ ከ«መረመረ»፣ የወጡ ናቸው። ታካሚ ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ሊመረመር ነው። «ደም ተመረመርሁ»፣ «ምርመራ ታዘዘልኝ» ማለት የዕለት ንግግር ነው፤ የፖሊስ ምርመራም ቢሆን ስለ ራሱ ስለ ተመርማሪው የሚደረግ ነው። በዚህ ሁሉ አጠቃቀም መመርመር መልሱን ለተመረመረው ሰው ወይም ስለ ተመረመረው ሰው ይሰጣል። ስለዚህ በሆስፒታል ግቢ ውስጥ «ምርምር» የሚለው ቃል ሲነገር ጆሮ ወደሚያውቀው «ምርመራ» ቢያደላ አይደንቅም። «ጥናት» የሚለው ቃል ከዚህ ግራ መጋባት ነጻ ነው፤ ልጁ ትምህርቱን ሲያጠና የሚያየው ወላጅ ጥናት ለማወቅ የሚደረግ ሥራ መሆኑን ይገነዘባል። እርሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም፤ «ይህ ለእርስዎ የሚደረግ ምርመራ አይደለም» የሚል አሉታዊ ዐረፍተ ነገር ሊከተለው ይገባል።

5.2 «መድኃኒት»

«መድኃኒት» ከ«ዳነ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ የሚያድን ማለት ነው። «መድኃኔ ዓለም» የሚለውን ስም ለሚጠራ ሕዝብ ቃሉ ከኪኒን ያለፈ ክብደት አለው። «የሙከራ መድኃኒት» የሚለው ሐረግም እንግዲህ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ማዳኑ ያልተረጋገጠን ነገር አስቀድሞ «የሚያድን» ብሎ ይሰይመዋል። አድማጩ ከሐረጉ ውስጥ «ሙከራ»ን ትቶ «መድኃኒት»ን ቢይዝ የቋንቋውን ሚዛን ተከትሎ ነው።

የአካባቢው ሕዝብ በዚህ ረገድ ልምድ የሌለው አይደለም። በአንኮበር ወረዳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዕፅዋት ጥናት ለሰው ሕክምና የሚውሉ 135 የዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግቧል። የአንኮበር ሰው የሚያውቀው መድኃኒት በአያት በቅድመ አያት እጅ ያለፈ፣ መጠኑና አወሳሰዱ የተነገረለት ነው። ያልታወቀ ነገር በእርሱ ዓይን መድኃኒት አይባልም። ተመራማሪው ይህን ጥንቃቄ ሊጠቀምበት ሲገባ «መድኃኒት» የሚለውን ስም ሳይገባው ለሙከራው በመስጠት ያጠፋዋል። «ማዳኑ ገና ያልተረጋገጠ፣ በመፈተሽ ላይ ያለ ኪኒን» ማለት ረዘም ቢልም እውነት ነው። ኪኒን፣ መርፌ፣ ቅባት እየተባለ በቅርጹ መጠራቱ በማዳኑ ከመጠራቱ ይሻላል።

5.3 «ዕጣ»

ዕጣ በኑሯችን ውስጥ ሥር የሰደደ አሠራር ነው፤ በዕቁብ፣ በጋራ መኖሪያ ቤት ድልድል፣ በሥራ ክፍፍል። ስለዚህ የዕጣን ምደባ ለማስረዳት ከውጭ ቃል መዋስ አያስፈልግም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። በልማዳችን ዕጣ «ይወጣለታል» ወይም «ይደርሰዋል»፤ ዕጣ የወጣለት ዕድለኛ ነው። «ዕጣ ፈንታ» ስንልም ከሰው በላይ የሆነ ምርጫን እናስባለን። በሙከራ ግን ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል አይታወቅም፤ ቢታወቅማ ዕጣው አግባብ አይሆንም ነበር። አዲሱን ኪኒን ያገኘ ሰው ዕድለኛ ላይሆን፣ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። የፔንቶክሲፊሊኑ ውጤት ማስታወሻ ይሁነን።

ከላይ የቀረቡት ሦስት ሙከራዎች እንደሚያሳዩት ዕጣም አንድ ዓይነት አይደለም። የምሥራቅ ጎጃሙ ተራ የሚያስይዝ ዕጣ ነው። የአዲስ አበባው አንዴ ወጥቶ የሚያበቃ ነው። የጎንደሩ ሁለት መንገዶችን የሚለይ ነው። ሦስቱንም «በዕጣ ይመደባሉ» በሚል አንድ ሐረግ የሚገልጽ ቅጽ ዕቁብ የለመደው ተሳታፊ ሁሉንም ተራ እንደሚያስይዝ ዕጣ እንዲረዳ ይተወዋል። «ዛሬ ባይደርሰኝ ነገ ይደርሰኛል» ብሎ የፈረመ ሰው በአንዴው ዕጣ ውስጥ ከሆነ ፈቃዱ በሌለ ተስፋ ላይ የቆመ ነው።

5.4 «ማስመሰያ»

መድኃኒትነት የሌለውን ማነጻጸሪያ «ማስመሰያ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። «አስመሳይ» በአማርኛ ነቀፋ ነው፤ ማስመሰያም የማታለል ሽታ አለው። ተሳታፊው ወይ ቃሉን ሰምቶ ይሸሻል፣ ወይ መረጃ ሰብሳቢው ቃሉን ፈርቶ አለሳልሶ ያልፈዋል። ሁለተኛው የከፋ ነው። ሐኪሙም ታካሚውም የተሰጠውን የማያውቁበት አሠራር ቃል በቃል «ድርብ ዕውር» ተብሎ ሲተረጎምም እንዲሁ ከማስረዳት ይልቅ ያስቀይማል። «በውስጡ መድኃኒት የሌለበት፣ በመልኩ ግን ተመሳሳይ የሆነ ኪኒን» ብሎ መግለጽና «የትኛውን እንደወሰዱ እርስዎም እኔም አናውቅም፤ የሚያውቀው መዝገቡን የያዘው ሌላ ሰው ነው» ብሎ ማስከተል ግልጽነትን ያተርፋል።

5.5 «ፊርማ»

ለገጠሩ ሰው ፊርማና የጣት አሻራ ግዴታ ናቸው፤ ብድር ይፈረማል፣ ዋስ ይፈረማል፣ የመሬት ውል ይፈረማል። የፈረመ ሰው ቃሉን ካጠፈ ይጠየቃል። ቅጹ «በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ» ካለ በኋላ ፊርማ ሲጠይቅ ሁለት ተቃራኒ መልእክት ያስተላልፋል፤ የሚታመነው ደግሞ አሻራው ነው። እዚህ ላይ ፊርማው የሚያስረው ማንን እንደሆነ በቃል መናገር ያስፈልጋል። የተሳታፊው ፊርማ ተመራማሪው የተናገረውን እንዲፈጽም የሚያስር ምስክር እንጂ ተሳታፊውን የሚይዝ ውል አይደለም።

6. ጉዳዩ ለሰሜን ሸዋ ስለምን አሁን?

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የጤና ትምህርቱ ተስፋፍቶ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም በተሰየመው ካምፓስ ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ጥናት ይሠራሉ። ከዩኒቨርሲቲው ውጭም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ከሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2018 በዞኑ ያቋቋመው የብርሃን የመስክ ጣቢያ አለ። ጣቢያው በደጋው አንጎለላና ጠራ እንዲሁም በቆላው ቀወትና ሸዋ ሮቢት በ16 ቀበሌዎች የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና በቤት ለቤት ጉብኝት ይከታተላል። ይህ የክትትል ጥናት እንጂ የመድኃኒት ሙከራ አይደለም። ሆኖም ነዋሪን በመደበኛነት የሚመዘግብና የሚከታተል ሥርዓት ባለበት አካባቢ ወደፊት ሙከራ ለማካሄድ ማሰብ ቀላል ይሆናል። የዞኑ ነዋሪ ስለ ምርምር ፈቃድ መጠየቁ እየበዛ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም።

ደንቡም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 አምስተኛ እትሙ የወጣው ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ግምገማ መመሪያ ከተሳታፊው የሚገኘው ፈቃድ በመረጃና በመረዳት ላይ እንዲመሠረት ይጠይቃል። የሄልሲንኪ መግለጫም እ.ኤ.አ. በ2024 ሲሻሻል የሚጠኑትን ሰዎች «ተሳታፊዎች» ብሎ መጥራትን መርጧል። ሆኖም ደንብ የሚፈትሸው ቅጹ መኖሩንና መፈረሙን ነው፤ በቃሉና በጆሮው መካከል የሆነውን የሚያየው በቦታው ያለው መረጃ ሰብሳቢ ብቻ ነው።

በቦታው ማየት ደግሞ ይቻላል። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በወላይታ ስለ ዝሆኔ የዘር ውርስ ጥናት ከማካሄዳቸው በፊት፣ ማኅበረሰቡ ስለ ፈቃድ አጠያየቁ ምን እንደሚያስብ ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። ያገኙት መልስ ቅጹ ብቻውን የማይገልጠው ነበር፤ በሽታው «በዘር ይሄዳል» የሚለው አገላለጽ ቀድሞም የተገለሉትን ቤተሰቦች ይበልጥ ያስገልላል የሚል ሥጋት። የፈቃድ አጠያየቁ በዚሁ መሠረት ተቀረጸ። ከሦስት ዓመት በኋላ የታተመው የዘር ጥናታቸው ለበሽታው የሚያጋልጡ ልዩነቶችን በመለየት ከፍተኛ ተቀባይነት አግኝቷል። ተሳታፊውን አስቀድሞ ማዳመጥ ሳይንሱን አላዘገየውም።

7. የቀረበ ናሙና

ከላይ ከቀረበው ትንተና በመነሣት፣ አንዴ በሚወጣ ዕጣና መድኃኒት በሌለበት ማነጻጸሪያ ለሚካሄድ ሙከራ የሚከተለው አንቀጽ ቀርቧል። ለሌላ ዓይነት ዕጣ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገርና ተከታዮቹ ይለወጣሉ።

«የመጣሁት ላክምዎ ሳይሆን ጥናት ልጠይቅዎ ነው። ይህ ለእርስዎ የሚደረግ ምርመራ አይደለም፤ ስለ ጤናዎ የሚነግርዎ ውጤትም የለውም። ሁለት ዓይነት ኪኒን አለ፤ በአንደኛው ውስጥ የሚፈተሸው ነገር አለ፣ በሌላው ውስጥ ግን መድኃኒት የለም። የትኛውን እንደሚወስዱ ሐኪሙ አይመርጥልዎትም፤ ዕጣ ይለየዋል። ዕጣው እንደ ዕቁብ ተራ አይደለም፤ አንዴ ይወጣል፣ በዚያው ያበቃል። ዕጣ የምንጥለው የሚሻለው የትኛው እንደሆነ ስለማናውቅ ነው፤ አዲሱ ሊጠቅምም ሊጎዳም ይችላል። እምቢ ቢሉ የመጡበት ሕክምና እንደወትሮው ይሰጥዎታል። ቢፈርሙም ፊርማዎ እኛን እንጂ እርስዎን አያስርም፤ በፈለጉት ቀን ይተዉታል፣ ምክንያት አይጠየቁም።»

ሲነበብ የአካባቢው ወግ ይጠበቅ። በገጠሩ ለታላቅ ሰው «አንቱ» ማለት የተለመደ በሆነበት ቦታ አንባቢው «እርስዎ»ን ወደዚያ ቢመልሰው መልእክቱ አይጎድልም፤ የወረቀት ቋንቋ መሆኑም ይቀራል።

ከንባቡ በኋላ «ገብቶዎታል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ለእንግዳና ለተማረ ሰው «አዎን» ማለት ከጨዋነት የሚቆጠር መልስ ነው። ይልቁንም የሚከተሉትን መጠየቅ ይመረጣል፦

አንደኛ፣ ቤት ሲገቡ ለጎረቤት ስለዚህ ነገር ምን ብለው ይነግሯቸዋል?
ሁለተኛ፣ የሚወስዱትን ኪኒን የሚመርጥልዎ ማን ነው?
ሦስተኛ፣ መድኃኒት የሌለበት ቢደርስዎ በኋላ ሌላው ይሰጥዎታል?
አራተኛ፣ እምቢ ቢሉ ሕክምናዎ ምን ይሆናል?
አምስተኛ፣ ከፈረሙ በኋላ ሐሳብዎን ቢለውጡ ምን ይደርስብዎታል?

ከአምስቱ በአንዱ እንኳ የተሳሳተ መልስ ከተሰጠ የሚታረመው አንባቢው እንጂ ተሳታፊው አይደለም፤ ክፍሉ በሌላ አነጋገር ይደገማል። በተጨማሪም የሕመሙ ሁኔታ ሲፈቅድ ከቤተሰብ ጋር የመማከሪያ ጊዜ ሊሰጥ ይገባል። ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ሰው ለውሳኔ ብቻ እንዲመላለስ መጠየቅ ግን ሌላ ጫና ስለሆነ፣ የመጓጓዣ ወጪው በጥናቱ በጀት ውስጥ ሊታሰብ ወይም ውሳኔው በስልክ የሚገለጽበት መንገድ ሊመቻች ያስፈልጋል።

8. መደምደሚያና የወደፊት ጥናት

የጽሑፉ ወሰን ግልጽ ነው፤ ቃላቱን ተንትኗል እንጂ በተሳታፊዎች ላይ አልለካም። ስለሆነም የሚቀጥለው እርምጃ ቅጹን ራሱን መፈተሽ ነው። ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎችን በዕጣ በሁለት መድቦ፣ ለአንዱ ወገን የተለመደውን ቅጽ፣ ለሌላው ከላይ የቀረበውን በማንበብ የአምስቱን ጥያቄዎች መልስ ማነጻጸር ይቻላል። ይህ መድኃኒትም ሆነ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ በሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ አቅም የሚሠራ ሙከራ ነው። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎችም የአማርኛውን ቅጽ ከእንግሊዝኛው ጋር መመሳሰሉን ብቻ ሳይሆን፣ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ምን እንደሚሰማ ቢፈትሹ ይበጃል። ከኮሚቴው አባላት መካከል የሕክምና ትምህርት የሌለው አንድ የአካባቢው ሰው ቅጹን ሰምቶ በራሱ ቃል እንዲመልሰው ማድረግ ለዚህ ይበቃል።

በመግቢያው የጠቀስኋቸው እናት ለጥያቄያቸው ትክክለኛ መልስ ያገኙት ከፈረሙ በኋላ ነበር። ውጤት እንደማይኖር ስነግራቸው ክንዳቸውን ሰበሰቡና «ታዲያ ቀድሞ እንዲህ አትለኝም ነበር?» አሉኝ። ደማቸው አልተወሰደም፤ ቅጹም ተሰረዘ። ለዚህ ጽሑፍ የምጨምረው የተሻለ የምርምር ጥያቄ የለኝም።